ጨው ውስጥ የተገኘው ላባ

የባለሱቁ እጅጌ ላባ መሆኑን ያስተዋልኩት ጨዉን ገዝቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ወጡ ውስጥ ከጨመርኩ በኋላ ነው። ጨዉን በወረቀት ጠቅልሎ ሲያቀብለኝ ከእጁ አንጓ በላይ ቡናማና ወርቃማ ነገር ታይቶኝ ነበር። ሹራብ መሰለኝ። እንዲያውም ይህ ሰው ብርድ አይችልም፣ እንኳን ደህና ሹራብ ገዛ ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ወጡን ሳማስል ግን ማማሰያው ላይ አንድ ላባ ተለጥፎ ወጣ። የዚያን ቀን የሠራሁት ሽሮ ነው። ሽሮ ውስጥ ላባ የሚገባበት መንገድ የለም።

እኔ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ልጄ ስንዱ ስታስነጥስ የሳንባ በሽታ ይታየኛል፤ አውቶቡስ ሲዘገይ ገደል ይታየኛል። አባቷ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አይመለስም ብዬ ነበር፤ አልተመለሰም። ትምህርቴን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት በየዓመቱ እወድቃለሁ እያልኩ ነው። ጎረቤቴ አልጣሽ የድስት ክዳን ከጣለች እኔ ከእንቅልፌ እነቃለሁ። ሐሳብ ስለማበዛ ነው መሰለኝ ሻሼ እንኳ ራሴ ላይ አልረጋ ብሎኝ ቀኑን ሙሉ ሳስተካክለው እውላለሁ። ይህን ሁሉ ፍርሃት ይዤ ላባውን ዘግይቼ ማየቴ ይገርመኝ ነበር፤ ነገሩ ግን የከተማችን ልማድ ነው።

በከተማችን ገዢ የሻጭን ፊት አያይም። ፊቱን ያየ ሰው ወይ ያዝናል ወይ ይታዘንለታል፣ ሁለቱም ገበያ ያበላሻሉ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ስለዚህ ከሱቅ ደጃፍ ስንደርስ አገጫችንን ደረታችን ላይ እናሳርፍና ዓይናችንን ዕቃው ላይ ተክለን እንገዛለን። ሕፃን ልጅ ቀና ካለ እናቱ አገጩን በሁለት ጣቷ ዝቅ ታደርግለታለች። "ዓይንህ ዕቃው ላይ" ልጆቻችን ከ"እማዬ" ቀጥለው የሚማሩት ነገር ነው። የስንዱን አገጭ እኔ ራሴ ዝቅ አድርጌ አሳድጌአታለሁ። ዕድሜ ልካችንን ከምንገዛቸው ሰዎች ድምፃቸውንና እጃቸውን እንጂ ሌላ አናውቅም፤ ይህንንም ጨዋነት እንለዋለን። በሌላ አገር ሰዎች ሻጩን ዓይን ለዓይን እያዩ እንደሚገዙ ሰምተን፣ እንዴት ያለ ስድ አገር ነው ብለን ስቀናል።

በማግሥቱ ክብሪት መግዛትን ሰበብ አድርጌ ተመለስኩና ቀና አልኩ።

ባለሱቁ ከአንገቱ በላይ አውራ ዶሮ ነው። የአናቱ ኩክኒ ቀይ፣ አንገቱ እንደ ከረሜላ መጠቅለያ የሚያብለጨልጭ። ከወገቡ በታች ደግሞ በግ ነው። በመሃል ሽርጥ አድርጓል። ስኳር እየመዘነ ነበርና ሚዛኑ ላይ አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ እንደ ወትሮው ሌላ የሚጨመር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም ብዬ ክብሪቱን ተቀብዬ ስወጣ ከደረጃው ላይ ወደቅሁ።

ያን ቀን የገበያውን ሱቆች ሁሉ ቀና እያልኩ ዞርኩ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ የጅብ ራስና የበሬ ሰውነት ያለው ሻጭ ሥጋ ይቆርጣል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ ገዛ ጎኑ እያየ ምራቁን ይውጣል። ጨርቅ ቤት ያለው ከላይ ዝንጀሮ ከታች እባብ ነው። ጨርቁን በጅራቱ ይለካል፤ ጅራቱም ሲለካ ይሰበሰባል። የስንዱ የትምህርት ቤት ልብስ ሁልጊዜ ለምን ያጥራት እንደነበር ያኔ ገባኝ። መድኃኒት ቤት የጉጉት ፊት ያላት ድመት የሐኪም ጽሕፈት ታነባለች፤ በከተማችን ያንን ጽሕፈት ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ነች። መጠጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከብርቱካን ለስላሳዎች መሃል፣ የበቀቀን ራስ ያለው ዓሣ ቆሞ፣ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ይሁን ይላል። በየደጃፉ የተሰለፈው ሕዝብ አገጩን ደረቱ ላይ አሳርፎ በጸጥታ ይገዛል።

ለማን ልንገር። ለአልጣሽ ነገርኳት። ልብስ እያሰጣች ነበር፤ እርጥቡን ቀሚስ እንደያዘች ዞረችብኝ።

"ቀና ብለሽ አየሽው?"

"አንገቱ ላይ ላባ አለ እልሻለሁ፣ አልጣሽ።"

"እሱን ተይው። የሰው ባል ፊት ቀና ብለሽ አየሽ ወይ ነው የምልሽ።"

"ዶሮ ነው እኮ።"

"ዶሮም ቢሆን ባለትዳር ነው" አለችና ቀሚሱን ገመዱ ላይ ወረወረችው።

በነጋታው ከተማው በሙሉ ወሬውን ሰማ። የተወራው ግን ስለ ሻጮቹ አልነበረም፤ የስንዱ እናት የሰው ፊት ታያለች ተብሎ ነው። ነገሩ ከገበያ ሞግዚቱ ዘንድ ደረሰ። የገበያ ሞግዚት ማለት ገበያው እንዳያለቅስ የሚጠብቅ ሹም ነው። ሊቆጣኝ አስጠርቶኝ ነበር፤ የነገርኩትን ሲሰማ ግን ባርኔጣውን አንሥቶ ራሱ ሊያይ ወጣ። ሲመለስ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ እነዚህ ቅልቅል ሻጮች መሥሪያ ቤቱ ከረጅም ጥናት በኋላ ከሩቅ አገር ያስመጣቸው መሆኑን አበሠረ። የባለሱቁ ዶሮነት ሱቁን በማለዳ ያስከፍተዋል፣ በግነቱ ከደንበኛ ጋር እንዳይጣላ ያደርገዋል፤ ሙሉ ሰው ግን ያረፍዳልም ይጣላልም አለ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ቅልቅል ሻጮቹ የከተማው ኩራት ሆኑ። ሠዓሊዎች መጥተው የገበያውን ግድግዳ ሞሉት። አንዱን አውራ ዶሮ በአራት ቀለም ጎን ለጎን ደጋግመው ሣሉት፤ ጅቡን ሮዝ አድርገው በአንድ እጁ ሳሙና አስያዙት። ከሌላ ከተማ ሰው እየመጣ ያይ ጀመር። ሻጩን ማየት ነውር ስለሆነ ሥዕሉን አይተው፣ ከሻጩ አንገታቸውን ደፍተው ገዝተው ይመለሳሉ። ሙሉ ሰው የሆኑ ነጋዴዎች ግን ተጠረጠሩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ምን ደብቃ ነው እንዲህ ሙሉ የሆነችው ተብሎ ገበያዋ ቀዘቀዘ። የፍየል ጅራት ወገቧ ላይ አስራ ብትቆም ደግሞ፣ ዳቦዋ ዛሬ ምን ነካው፣ እንዴት ጣፈጠ ተባለ።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ከሩቅ አገር የመጣ ነገር በሽታ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ፀሐይ በበረታችበት፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ወደ አውራ ዶሮው ሄጄ፣ ፊት ለፊት እያየሁት፣ ከየት አገር እንዳመጡት ጠየቅሁት።

ማንኪያውን ስኳሩ ላይ ተከለው። "ከየትም አላመጡኝም፣ የስንዱ እናት። ይልቃል ነኝ እኮ።"

"የቱ ይልቃል?"

"ስንዱን ኩፍኝ የያዛት ጊዜ በበዓል ቀን ሱቅ አስከፍተሽ ማር የወሰድሽው ከማን ነው?"

አስታወስኩ። ድምፁ የሱው ነው፤ እጁም ያው እጅ ነበር። ያን ጊዜም ላባ ነበረዎት ወይ አልኩት።

"ጆሮዬ ሥር ጀምሮኝ ነበር መሰለኝ። ማን ይንገረኝ?" አለ። "መስታወት እሸጣለሁ። ግን የሻጭ ፊት አይታይም አይደል? ልማዱን አከብር ብዬ እኔም አላየሁበት።"

ጨው ይስጡኝ አልኩት፤ ጨው አላስፈለገኝም ነበር። እስኪመዝን፣ እስኪጠቀልል፣ ክሩን በምንቃሩ እስኪቆርጥ ዓይኔን ከፊቱ ሳላነሣ አየሁት። እሱም አፍሮ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ማየት ያዝኩ።

በዚህ መሃል ነው ስንዱ ሥራ ያገኘችው። ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሞግዚቱ ከገበያው መሃል "ታላቁ መደብር" የሚባል ነገር ከፍቶ ለሳሙናና ለከረሜላው ባንኮኒ ወጣት ሴቶች ሲፈልግ እሷን ቀጠራት። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሲል እኔ አለቀስኩ። ይልቃል የነገረኝን አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ እማዬ? ቤት ቁጭ ብዬ አንቺን ላሳድግ?" አለችኝ። "ሥራ ነው ያገኘሁት፤ አልታመምኩም።"

ማታ ማታ ስትገባ ጆሮዋን፣ ጥፍሯን፣ ማጅራቷን እመረምር ጀመር። አንዳንዴ ትስቃለች፣ አንዳንዴ እጄን ትመታኛለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራላት ማጅራቷ ላይ እንደ ጫጩት ያለ ብጫ ለስላሳ ነገር በእጄ ነካሁ። የብርድ ልብስ ክር ነው አለችኝ። የብርድ ልብስ ክር ሲስቡት ይመጣል። ይህ ስስበው ያመማት ነበር።

ከነጋ መደብሩ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ከረሜላ ገዝቼ፣ እስክትሰጠኝ ፊቷን እያየሁ ቆየሁና ከወረፋው ጭራ ተመልሼ ቆምኩ። እንዲህ እየዞርኩ ዋልኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ከኋላዬ የቆሙት ያጉረመርሙ ነበር። አንዱ፣ ይቺ ሴትዮ ጥርሷ ሳይረግፍ ዓይኗ ይረግፋል አለ። ስንዱ መጀመሪያ በእፍረት ልትሞት ነበር፤ በኋላ ግን ተራዬ ሲቃረብ ቀና እያለች ትፈልገኝ ጀመር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ብጫው ነገር ከማጅራቷ ረገፈ።

የይልቃልም ኩክኒ ረገፈ፤ የረገፈው ስኳሩ ውስጥ ነው። ከሥሩ ሽበት የጀመረው ፀጉር ወጣ። ምንቃሩ ሳስቶ ከንፈር ሆነ። ሲስቅ አንድ የፊት ጥርስ እንደሌለው ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጨው የሸጠልኝ ሰው ነው። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ የይልቃል ደንበኞች ከኩራታቸው አንዱ እየጠፋ መሆኑን ሰምተው ለሞግዚቱ ከሰሱ። ሞግዚቱ መጥቶ ሲያየው ከደጃፉ ወደ ኋላ ሸሸ። የሙሉነት በሽታ ገብቷል፣ ተላላፊ ነው ተባለ። ሱቁን በመድኃኒት ረጩት። ይልቃልን ላባው እስኪመለስ ብለው ከገበያው መጋዘን ጓሮ አስቀመጡት፤ ማንም እንዳያየው ዙሪያውን በሸራ ጋረዱት።

ቀጥሎ አዋጁ ወጣ። በየሱቁ፣ በሻጭና በገዢ መካከል፣ እጅ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ይተከል ተባለ። ሞግዚቱ ይህን ያደረግሁት ለሕዝቡ አንገት አዝኜ ነው አለ፤ እስከ ዛሬ ልማዳችሁን ስታከብሩ ጎብጣችኋል፣ ከእንግዲህ ቀና ብላችሁ ግዙ፣ የምታዩት ጣውላ ነው። ሕዝቡ ተደሰተ። አልጣሽ አንገቷን ግራና ቀኝ እያዞረች፣ መንግሥተ ሰማያት ማለት ይህ ነው ትል ነበር። ጣውላዎቹንም ቀለም ቀቧቸው። የስንዱ ባንኮኒ ላይ የቆመው ጣውላ ሰማያዊ ነው፤ የዳክዬ ክንፍ ያላት ላም ጥርስ በሚያሳይ ሳቅ ሳሙና ስትሸጥ ተሥላበታለች። ቀዳዳው የላሟ አፍ ነው።

አሁን የማየው እጇን ብቻ ሆነ። እጇን አውቀዋለሁ፤ አውራ ጣቷ ላይ የላምባ ምድጃ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ያ ምድጃ ያቃጥልሻል ብያት ነበር። በመጀመሪያ ሰሞን እጇ ደህና ነበር፤ ሳሙና ይሰጣል፣ ጣቴን ቆንጠጥ አድርጎ ይመለሳል። ከዚያ መቆንጠጡ ቀረ። ስንዱ ማታ እየዘገየች፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና፣ ደክሞኛል ብላ በቀጥታ መኝታዋ መግባት ጀመረች። ነጠላውን ልገልጥ ስል ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ከሥራው ውጪ ብዬ ለመንኳት። ወጥቼስ ምን ልሁን፣ በዚህ ከተማ ሙሉ ሰው ማን ይቀጥራል አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከላሟ አፍ የወጣው እጅ ቆዳው ብጫና ቅርፊታም ሆኖ አየሁት። ጥፍሮቹ ሾለዋል። ጠባሳው ግን ቦታው ላይ ነው። ሳሙናውን ትቼ እጁን ያዝኩ።

ከጣውላው ወዲያ፣ "እማዬ፣ ልቀቂኝ፣ ወረፋ አለ" አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

አልለቅም አልኩ። ከኋላዬ የቆመችው አልጣሽ ነበረች።

"ያዝሽውን ዕቃ ወይ ግዢው ወይ ልቀቂው" አለችኝ።

"ልጄ ናት፣ አልጣሽ።"

"ልጅሽም ብትሆን ተራ የሚባል ነገር አለ።"

ሞግዚቱን ጠሩት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ በትሕትና፣ የመደብሩን እጅ እንድለቅ ጠየቀኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እንደ ሌሎቹ ላባ ወይ ቀንድ አገኝበታለሁ ብዬ ነበር፤ ጉንጩ ግን የለሰለሰ፣ አንድም ጉድለት የሌለበት የሰው ፊት ነው። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲያየው የሚውል ፊት እንዲህ ያምራል።

ስንዱ አሁን እጇን ትነጥቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጣውላውን ከውስጥ በትከሻዋ ገፋችው። ጣውላውን በምስማር መትቶ የተከለው የሞግዚቱ የእኅት ልጅ ነበር፤ ሥራው እንደ ዘመዶቹ ሁሉ ከላይ የተቀባ ነው። ላሟ በፊቷ ወለሉ ላይ ተደፋች።

ስንዱ ቆማ ነበር። ጉንጮቿን ብጫ ላባ አልብሷቸዋል፤ የከንፈሮቿ ዳር ደርቆ ሾሏል። ወረፋው በሙሉ፣ አልጣሽም ሞግዚቱም ሳይቀሩ፣ እንደ አንድ ሰው አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። ስንዱ በዚያ ሁሉ አናት ላይ ዓይኗን አዞረችና እኔን አገኘችኝ።

"ምን ያህል ሆኗል፣ እማዬ?"

እኔ በዕድሜዬ ሁሉ ጉንፋንን ሞት ብዬ የማውጅ ሴት ነኝ።

"ትንሽ ነው" አልኳት። "ይረግፋል።"

ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከኋላችን ሞግዚቱ፣ ተተኪ ሻጭ ከረጅም ጥናት በኋላ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ለሕዝቡ ሲያረጋግጥ ሰማሁ። ጣውላው ሳይነሣ የአልጣሽ ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆመች። አልጣሽ እልል አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ በይልቃል ሱቅ በኩል አለፍን። ላባው ተመልሶለት፣ ከጓሮ አውጥተውት፣ ከጣውላው ጀርባ ገብቶ ነበር። ስንዱ ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው ውስጥ ተመለከተች።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ ይልቃል" አለችው።

ውስጥ የሚዛኑ ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ። ቆይቶ፣ "ሌላ የሚጨመር አለ?" አለ። ነገ እመጣለሁ አለችው፤ ዝም ብዬ ላይዎት ነው የምመጣው።

ቤት ገብተን መብራት አበራሁና በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። ትይዩ ተቀምጬ አየኋት። ራት አልሠራሁም። መጀመሪያ ዓይኗን ትሰብር ነበር፣ ኋላ ለመደችው። ከግራ ጉንጯ አንዲት ብጫ ላባ ለቃ ጉልበቷ ላይ አረፈች፤ ሁለታችንም አየናት።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ስንዱ እኔን ማየት ጀመረች።

"እማዬ፣ ሻሽሽን አውልቂው እስቲ።"

ራሴን ብርድ ይመታኛል አልኳት። የራስ ብርድ ወደ ጆሮ ይወርዳል፣ የጆሮ ሕመም ደግሞ ሰው ይገድላል። ተነሥታ መጥታ ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። ሻሹን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩ። ረጅም፣ ለስላሳና ሞቃት ነገር አገኘሁ፤ ደግሞ በሌላው በኩል ሌላ። ለዘመናት በሻሽ ታስረው፣ ማንም ሳያያቸው፣ ወደ ኋላ ተጋድመው ኖረዋል። ሲፈቱ ቀስ ብለው ተነሡና፣ ሳላዛቸው፣ በራሳቸው ጊዜ ወደ ጎረቤት ዞሩ። አልጣሽ የድስት ክዳን ጥላ ነበር።

"ጥንቸል" አለች ስንዱ። አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ አገጬን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ አነሣችውና ፊቴን በደንብ አየችው። "ገና ግማሽ አልሆነም።"

እኔም፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ያየናል፣ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሌባ አይታጣም አልኳት።

እሺ አለች። ፊቷን ከፊቴ ሳትመልስ፣ በጀርባዋ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች ከበሩ ደረሰች። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ቁልፉን በዳበሳ ፈለገችው፤ እኔን እያየች ቆለፈች።